«ዲዳክቲብሉን ለእኛ ይተዉት»

እስቲ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ በሰሜን ቴክሳስ፣ በዳላስና በዙሪያዋ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ነው። ጋርላንድና ሪቻርድሰን ብትሄዱ የአገራችንን ሰው በየመንደሩ ታገኙታላችሁ። በሆስፒታል ሌሊት አድሮ፣ በመጋዘን ዕቃ ተሸክሞ፣ በታክሲ መሪ ላይ ወገቡን አጉብጦ ቤት የገዛ ሰው ነው። ያ ቤት ለብዙዎቹ በሕይወታቸው ያፈሩት ትልቁ ሀብት ነው። ስለዚህ ጣሪያው ሲነካ ሰውየውም አብሮ ይነካል።

በዚያ አገር ከማርች እስከ ጁን ሰማዩ አይታመንም። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ደመናው ወደ ላይ ይቆለላል። ነፋሱ የውሃውን ጠብታ ሽቅብ ይዞት ይወጣል፤ ጠብታው እዚያ ይረጋል፤ ሌላ ውሃ ይደርብበታል፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1995 ፎርት ዎርዝ ከተማ ሰው የሜይፌስትን በዓል ለማክበር ሜዳ ላይ ወጥቶ ሳለ ቡጢ የሚያህል በረዶ ወርዶበት ከ100 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። ሰውን እንዲህ ያደረገ በረዶ ጣሪያን ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

ለትረካችን እንዲመች አንድ አባወራ እንውሰድ። ቤቱ ጋርላንድ ነው፤ ሚስቱ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ማታ በረዶው ሩብ ሰዓት ያህል ጣሪያውን ሲደበድብ አምሽቶ አቆመ። ጠዋት አባወራው ወጥቶ ቢያይ ግቢው በቅጠል ተሸፍኗል፤ የመኪናው ኮፈን ተጎድጉዷል፤ አሸንዳው ከሚያፈስበት ሥር ጥቁር አሸዋ ተከማችቷል። ያ አሸዋ ከየትም አልመጣም። ጣሪያው የተከደነበት ሺንግል የላይኛው ልባስ ነው። ሺንግልን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እሱ ከተራገፈ የጣሪያው ዕድሜ ያጥራል።

ረፋዱ ላይ መንገዱ መሰላል በጫኑ ፒክአፖች ተሞላ። የአንዳንዶቹ ታርጋ የኦክላሆማ ነው፤ የሌሎቹ የኮሎራዶ። በረዶ የወረደበትን ካርታ ተከትለው ከአገር አገር የሚዞሩ ናቸው። በሩ ተንኳኳ። አባወራው ሲከፍት ከፊቱ የቆመው የአገር ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የትናንቱ በረዶ እንዴት አደረጋችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈናል። ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል!»

«አይ፣ አልገባም ጋሼ። ሥራ ላይ ነኝ። ጣሪያዎን በነፃ ልይልዎት ብዬ ነው።»

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። የሚሠራው በኮሚሽን ነው፤ ካምፓኒው በል ያለውን ነው የሚለው። መሰላሉን አቁሞ ወጣ። በጠመኔ አሥር ጫማ በአሥር ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን ሠራ፤ በውስጡ በእጁ እየዳበሰ በረዶው የመታውን ቦታ ፈለገ። በረዶ በኃይል የመታው ሺንግል በጣት ሲጫኑት እንደ ተመታ ሙዝ ልስልስ ይላል። ባገኘ ቁጥር በጠመኔ እያከበበ ፎቶ አነሳ። ወርዶ ስልኩን ለአባወራው አሳየው።

«አዩ ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ የበረዶ ምት ነው። ጣሪያዎ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት።»

«ስንት ያስወጣኛል?»

«ከኪስዎ ምንም አይወጣም። ኢንሹራንስዎ ይከፍላል። ዲዳክቲብሉን ደግሞ ለእኛ ይተዉት፤ እኛ እንችለዋለን። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። ለኢንሹራንሱ እንድንደውልልዎት ፈቃድ መስጫ ናት።»

አባወራው እስክሪብቶውን ተቀበለ። ይኼኔ ሚስቱ ከእንቅልፏ ተነስታ ኖሮ ከኋላው መጣች። ልጁን ሰላም ካለች በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ የእኛ ዲዳክቲብል 8,000 ዶላር ነው። ያንን ማን ነው የሚከፍለው?»

«ካምፓኒያችን ነው፣ እትዬ።»

«ካምፓኒያችሁ ከየት አምጥቶ?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም እዚህ ላይ ትረካዬን ገታ ላድርግና የሴትየዋን ጥያቄ ልመልስ። ነገሩ ሁሉ ያለው ጥያቄዋ ውስጥ ነውና።

ዲዳክቲብል ማለት ጉዳት በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ ከራሱ ኪስ እከፍላለሁ ብሎ በውል የተስማማበት ድርሻ ነው። በቴክሳስ የበረዶና የነፋስ ዲዳክቲብል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በመቶኛ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ፐርሰንት ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለት ፐርሰንት ሲባል የጣሪያው ዋጋ ሁለት ፐርሰንት ይመስለዋል። አይደለም። ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት ጠቅላላ መጠን ሁለት ፐርሰንት ነው። የአባወራችን ቤት 400,000 ዶላር ኢንሹራንስ ተገብቶለታል፤ ሁለት ፐርሰንቱ 8,000 ነው። አንድ ፐርሰንት ቢሆን 4,000 ይሆን ነበር። ሁለት ፐርሰንቱን የመረጠው ወርኃዊ ክፍያው ዝቅ እንዲልለት ነው። የቀነሰለትን ገንዘብ በየወሩ ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ድርሻውን የሚወጣበት ቀን መጣ።

ሂሳቡን በቁጥር እንየው። ጣሪያውን በአዲስ ለመቀየር 20,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች (አጀስተር) መጥቶ አይቶ ጣሪያው አሮጌ ስለሆነ ለእርጅናው 9,000 ይይዛል። ከቀረው 11,000 ላይ ዲዳክቲብሉን 8,000 ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቼክ 3,000 ይሆናል። ብዙ ወገን ይህን ቼክ ሲያይ «ተዘረፍኩ» ብሎ ይደነግጣል። የእድሳቱን ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ፖሊሲ ያለው ሰው መደንገጥ የለበትም። ሥራው ተሠርቶ ደረሰኙ ሲቀርብ የተያዘው 9,000 ይለቀቃል። ከኢንሹራንሱ በድምሩ 12,000፣ ከባለቤቱ 8,000፤ ይኸው 20,000 ሞላ።

አሁን ልጁ ያለውን እንመርምር። ካምፓኒው 8,000ውን «እችለዋለሁ» ካለ ከሁለት አንዱን ማድረግ አለበት። አንደኛው መንገድ መዋሸት ነው። ጣሪያውን በ12,000 ይሠራዋል፤ ለኢንሹራንሱ የሚልከው ደረሰኝ ግን «20,000 ፈጀ፣ ባለቤቱም 8,000 ከፍሏል» ይላል። ጣሪያው በእውነት በ12,000 የሚሠራ ከሆነ ዲዳክቲብሉ ሲነሳለት የኢንሹራንሱ ድርሻ 4,000 ብቻ ነው። የቀረው 8,000 በሐሰት ደረሰኝ የተወሰደ ገንዘብ ነው። በዚያ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው የማን ስም ነው? የአባወራው።

ሁለተኛው መንገድ ከሥራው መቁረጥ ነው። ጣሪያ ከታች ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ምስጢሩ ያለው ከሺንግሉ ሥር ነው። ከኮምፔርሳቶው በላይ የሚነጠፈው ውሃ መከላከያ ሽፋን ይሳሳል። በጭስ ማውጫውና በግድግዳው ጥግ የሚታጠፈው ቆርቆሮ መቀየር ሲገባው አሮጌው ቀለም ተቀብቶ ይመለሳል። የበሰበሰው ጣውላ ሳይነሳ ይሸፈናል። ለአንድ ሺንግል የሚመታው ሚስማር ቁጥሩ ይጎድላል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ወር አይታይም። የሚታየው በሚቀጥለው ክረምት፣ ከልጆቹ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ስልኩ ቢደወል የሚያነሳ የለም፤ ፒክአፑ ሌላ በረዶ ተከትሎ ሌላ አገር ሄዷል።

አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ሌላ ስም ያወጣለታል። «ግቢዎ ውስጥ የካምፓኒያችንን ምልክት እናቆማለን፤ ለማስታወቂያው 8,000 እንከፍልዎታለን» ይላል። ሌላው «የወዳጅ ቅናሽ ነው» ይላል። ስሙ ቢለዋወጥም ሥራው ያው ነው።

የቴክሳስ ሕግ ይህን ቁርጥ አድርጎ ከልክሏል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ የጸናው ሕግ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የንብረት ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዲዳክቲብሉን የመክፈል ግዴታ አለበት። ሁለተኛ፣ ከኢንሹራንስ ገንዘብ እከፈላለሁ ብሎ የሚሠራ ኮንትራክተር ደንበኛው ዲዳክቲብሉን ሳይከፍል እንዲቀር ማድረግም ሆነ ማገዝ አይችልም። ይህን የጣሰ እስከ 180 ቀን እስራት እና እስከ 2,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ዋጋው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከኢንሹራንስ የሚከፈል ውል ሁሉ እነዚህን ሁለት ነጥቦች የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በደማቅ ፊደል መያዝ አለበት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ ኮንትራክተር ዲዳክቲብሉን እኔ እችላለሁ እያለ በአፉ ሲነግራችሁ፣ የሚያስፈርማችሁ ወረቀት ራሱ «ይህ የቴክሳስን ሕግ መጣስ ነው» ይላል። ወረቀቱ ላይ ማስጠንቀቂያው ከሌለም ውሉ ሕጉን አላሟላም ማለት ነው።

ሕጉ አንድ ተጨማሪ በር ዘግቷል። ኢንሹራንሱ የተያዘውን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት «ዲዳክቲብሉን ለመክፈልህ ማስረጃ አምጣ» ማለት ይችላል። የተመነዘረ ቼክ፣ የመኒ ኦርደር ደረሰኝ፣ የክሬዲት ካርድ ስቴትመንት፣ ወይም በየጊዜው ለመክፈል የተፈረመ ውል ይበቃል። እዚህ ላይ «እኛ እንችለዋለን» የተባለው ሰው ምን ያቀርባል? ወይ ዝም ብሎ 9,000ውን ያጣል፤ ወይ የሐሰት ወረቀት አቅርቦ በኢንሹራንስ ማጭበርበር ይጠየቃል። የካምፓኒው ዕዳ ወደ እሱ ትከሻ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው። ዜግነቱን ወይም መኖሪያ ፈቃዱን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ የወንጀል መዝገብ ከጣሪያው በላይ ብዙ ያስከፍለዋል።

ሌላም አለ። ልጁ «ፈቃድ መስጫ ናት» ያላት ወረቀት ከታች በደቃቅ ፊደል ምን ትል ነበር? ኢንሹራንሱ ከፈቀደ ሥራውን የሚሠራው ይኸው ካምፓኒ ብቻ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ ከዋጋው የተወሰነውን እንደሚከፍል። ፈቃድ የተባለችው ሙሉ ውል ነበረች። በተጨማሪም ወረቀቷ «ከኢንሹራንሱ ጋር እኛ እንደራደርልዎታለን» ትል ነበር። ቴክሳስ ውስጥ የቤትህን ጣሪያ የሚሠራ ኮንትራክተር ስለዚያው ጣሪያ የካሳ ጥያቄ (ክሌም) ከኢንሹራንስ ጋር አንተን ወክሎ መደራደር አይችልም። ይህን ክልከላ የተቃወመ አንድ የጣሪያ ድርጅት እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ተሸንፏል። ኮንትራክተሩ ከአጀስተሩ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቶ የበረዶ ምቱን ማሳየትና ዋጋውን ማስረዳት ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ፖሊሲህ ምን ይሸፍናል አይሸፍንም ብሎ መከራከር ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታቸው እንመለስ። አባወራው እስክሪብቶውን መለሰ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። ሥራህን አልጠላሁም። ግን ያልከፈልኩትን ከፍያለሁ ብዬ አልፈርምም።»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ ጋሼ» አለ ልጁ። መሰላሉን አጥፎ ሊሄድ ሲል አባወራው ቁርስ ሳይበላ አለቀቀውም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሥራውን እንነቅፋለን፤ ሰውየውን ግን አንጥልም።

ከዚያ ሚስትየዋ ራሷ ለኢንሹራንሱ ደውላ ክሌም ከፈተች። አጀስተሩ መጣ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ የዋጋ ግምቱን ላከ። ባልና ሚስቱ ደግሞ ሦስት ጣሪያ ሠሪዎችን (ሩፈሮችን) ጠርተው ዋጋ ጠየቁ። ቴክሳስ ለጣሪያ ሠራተኛ የመንግሥት ላይሰንስ አትጠይቅም፤ መሰላልና ፒክአፕ ያለው ሁሉ ሩፈር ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ የሚጣራው ሌላ ነገር ነው፤ በከተማው ውስጥ ቋሚ አድራሻ አለው ወይ? የተጠያቂነት ኢንሹራንሱን ማስረጃ በቀጥታ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ማስላክ ይችላል ወይ? ከሦስት ዓመት በፊት የሠራለት ጎረቤት ምን ይላል? ሥራው ሳይጀመር ሙሉ ክፍያ የሚጠይቀውን ወዲያው ሰረዙት፤ ከባድ ቀብድ የሚጠይቀውንም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ የሞርጌጅ ባንኩ ስምም አብሮ ተጽፎበታል። ይህም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቤቱ ላይ ብድር እስካለ ድረስ ባንኩ ባለድርሻ ነውና ቼኩ ላይ ባንኩም መፈረም አለበት። ደውሎ አሠራሩን ጠይቆ ጊዜ መስጠት ነው።

8,000ውስ ከየት መጣ? ግማሹ የቁጠባ ሂሳባቸው ውስጥ ነበር። ለቀረው ሁለት መንገድ አገኙ። ሩፈሩ በወር እየከፋፈሉ እንዲከፍሉት በጽሑፍ ተዋዋለ፤ ይህን ሕጉ ይፈቅዳል። ሚስትየዋ ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ያለችበት እቁብ አለ፤ ዕጣው ለሌላ ቢወጣም ችግሯን ስትነግራቸው «አንቺ ውሰጂው» አሏት። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እቁብ ጋርላንድ ላይ ጣሪያ ከደነ።

ሥራው የተጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። አሮጌው ሺንግል እየተገፈፈ ወረደ፤ ሁለት ቦታ የበሰበሰ ኮምፔርሳቶ ተገኝቶ ተቀየረ፤ ቆርቆሮው ሁሉ በአዲስ ታጠፈ። አባወራው ከግቢው አልራቀም፤ ምን እንደሚነጠፍ በዓይኑ አየ፣ በስልኩ አነሳ። ሩፈሩ በረዶን ስለሚቋቋመው አራተኛ ደረጃ (ክላስ 4) ሺንግል ሲያስረዳውም ሰማው። አምስት ሳንቲሜትር የሚሆን ስፋት ያለው የብረት ኳስ ከስድስት ሜትር ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ወርዶበት ካልተሰነጠቀ ነው ያ ደረጃ የሚሰጠው። ዋጋው ጨመር ይላል፤ በቴክሳስ ግን ብዙ ኢንሹራንሶች ለእንዲህ ያለ ጣሪያ ከዓመታዊ ክፍያ ላይ ቅናሽ ያደርጋሉ። ልዩነቱን ከፍለው መረጡት። ማምሻውን ሠራተኞቹ ማግኔት እየገፉ ከሣሩ ውስጥ ሚስማር ለቀሙ። የመጨረሻው ደረሰኝ ከክፍያ ማስረጃው ጋር ተላከ፤ ሁለተኛው ቼክ መጣ። ማንም ለማንም አልዋሸም፤ የሚያስፈራ ስልክም አይደወልም።

ወገኖቼ፣ ትረካዬን ጨርሻለሁ፤ የምለምናችሁ ግን አለ። ዲዳክቲብል የሚታሰበው በረዶው ሳይወርድ ነው። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ ይሉ የለ? ዛሬ ማታ የቤታችሁን ፖሊሲ አውጡና የመጀመሪያዎቹን ገጾች እዩ። የነፋስና የበረዶ ዲዳክቲብላችሁ ስንት ፐርሰንት ነው? በዶላር ስንት ይሆናል? ጣሪያው የሚከፈለው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ? ካልገባችሁ ለኤጀንታችሁ ደውሉ። እንግሊዝኛው የከበዳቸው እናትና አባት ካላችሁ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው፤ በር የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ እነሱ ብቻቸውን ቤት ባሉበት ሰዓት ነውና።

በራችሁ ላይ መጥቶ ያስፈረማችሁ ካለ ደግሞ አትደንግጡ። ቤት ለቤት በተደረገ ሽያጭ የፈረመ ሰው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን በጽሑፍ መሰረዝ እንደሚችል የፌዴራል ደንብ ይፈቅዳል። ቴክሳስ ያላችሁ በ800-252-3439 ለግዛቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ደውላችሁ መጠየቅም አቤቱታ ማቅረብም ትችላላችሁ። ከኪሳችሁ የሚወጣው ድርሻ ያማል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ዲዳክቲብላችሁን ራሳችሁ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ።